መቀስ የሚያቆም ወሬ

አባቴ ጸጉር ሲያስተካክል መቀሱ ዝም አይልም። ደንበኛ ቢቆጣ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ውጭ መኪና ከመኪና ቢጋጭ፣ አንገቱን እንኳ ሳያዞር ቀጭ ቀጭ ማድረጉን ይቀጥላል። መቀሱን የሚያቆመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማያውቀውን እውነት ሲሰማ። ያን ጊዜ መቀሱን እስከ ጆሮው ድረስ ከፍ አድርጎ ይይዝና በመስታወቱ ውስጥ ተናጋሪውን እያየ «አትለኝም!» ይላል።

ደንበኞቹ ይህን «መቀስ ማቆም» ይሉታል። መቀስ ያቆመ ሰው ወረፋ አይጠብቅም፤ ቀጥሎ ወንበሩ ላይ የሚወጣው እሱ ነው። ደንቡን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ እኔ ሳልወለድም ነበረ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አግዳሚው ላይ የሚደረደሩት ሰዎች ጸጉራቸውን ብቻ ሳይሆን ወሬም አሳድገው ነው የሚመጡት። ከስልክ ማንበብ ክልክል ነው። «እኔ የማስተካክለው ጭንቅላት እንጂ ስልክ አይደለም፤ በጭንቅላትህ ይዘህ ና» ይላል አባቴ። ዳኛው መቀሱ ነው። ይግባኝ የለም።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ቀን መቀሱን አቁሜ አላውቅም።

ኮሌጅ ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ሥራ እስካገኝ ድረስ ሁለተኛው ወንበር ላይ ጢም አስተካክላለሁ፣ ፎጣ አጥባለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ። ወረፋ መቅደም ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የምፈልገው ያችን «አትለኝም!» ነበር። ለእኔ ተብላ፣ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያየን።

«አባባ፣ ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው ታውቃለህ?»

ቀጭ ቀጭ። «ሦስት ልብ ይዞ አንድ ቁም ነገር ካልሠራ ምን ዋጋ አለው? እንዳንተው ነዋ።»

አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ጨረቃ በየዓመቱ ወደ አራት ሳንቲ ሜትር ከእኛ ትርቃለች» አልኩት።

ቀጭ ቀጭ። «የእናንተን ወሬ እየሰማች ምን ታድርግ?»

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚሉት እውነታቸውን ነው። ከአንድ ማዕድ የሚበላ ልጅ ምን አዲስ ነገር ሊያመጣ ይችላል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፣ በረዶ እስኪመጣ።

በረዶ የወጣለት ስም ነው። ከእኛ ሁለት በር አልፎ ፍሪጅ ይጠግናል። ከእኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው፤ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጧል። መጀመሪያ የመጣ ቀን ቱታውን እንደለበሰ፣ ካቻቢቴው ከኪሱ ብቅ ብሎ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ አምስት ሰው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ሳያሰማ ማለት ይቻላል፣ «ጋሼ፣ የዋልታ ድብ ጸጉሩ ነጭ እንዳልሆነ ያውቃሉ?» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ቀለም የለውም። አንዱን ነቅለው ቢያዩት ብርሃን ያሳልፋል። ከሥሩ ያለው ቆዳ ደግሞ ጥቁር ነው።»

መቀሱ ቆመ። አርባ ዓመት ጸጉር ሲነካ የኖረ ሰው፣ ስለ ጸጉር የማያውቀውን ነገር ከፍሪጅ ጠጋኝ ሰማ። «አትለኝም! ና፣ ና ውጣ ልጄ!»

ልጄ። እኔን «አንተ» ነው የሚለኝ።

ከዚያ በኋላ በረዶ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ብቅ ማለት ጀመረ፤ ጸጉር ሳያድግለት ሁሉ። አንድ ቀን የግንደ ቆርቁር ምላስ ከመርዘሙ የተነሳ በራስ ቅሉ ዙሪያ በኋላ በኩል ዞሮ እንደሚቀመጥ ነገረው። መቀሱ ቆመ። እራት ላይ አባቴ ጣቱን ከአገጩ በማጅራቱ አዙሮ ግንባሩ ላይ እያሳረፈ ለእናቴ አሳያት። «በረዶ እንዳለው» እያለ ነው የሚያወራው። እናቴ ተደንቃ ሰማችውና ወደ እኔ ዞረች።

«አንተስ የኔ ልጅ? አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር አላስተማሩህም?»

እውነቱን ለመናገር የሚያናድደኝ በረዶ ጥሩ ሰው መሆኑ ነበር። አይኮራም፣ አያቋርጥም፣ ሲያወራ ወለሉን ነው የሚያየው። የተናገረውን ሁሉ ከፎጣ መደርደሪያው ጀርባ ተደብቄ በስልኬ አጣራ ነበር፤ አንድ ስህተት ባገኝበት ብዬ። አላገኘሁበትም። ሁሉም ልክ ነበር። ሰው ልክ ሲሆን እንዴት እንደሚያስጠላ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በረዶ ስለ ደመና አወራ። ያ ጥጥ የሚመስለው የጠራ ቀን ደመና ሲመዘን ወደ አምስት መቶ ሺህ ኪሎ ይሆናል አለ፣ መቶ ዝሆን ማለት ነው። መቀሱ ቆመ። መቀሱ እንደገና ሲጀምር ግን ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩትን ነገር ሰማሁ። የአባቴ እጅ ከደንበኛው ራስ አንድ ስንዝር ርቆ ሳለም መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ማበጠሪያውን ሲያስተካክል ይቆርጣል፣ ወደ ኋላ ፈንጠር ብሎ ሲያይ ይቆርጣል፣ ሲስቅ ይቆርጣል። ምንም ሳይቆርጥ ይቆርጣል።

መቁጠር ጀመርኩ። የተማርኩት ሙያ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በባዶ የምላጭ ካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ መስመር እየሳብኩ ቆጠርኩ። ለምን እንደምቆጥር አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አግዳሚው ሙሉ ነበር። በረዶም አለ። በአባቴ ወንበር ላይ ያሉት ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ናቸው።

«አባባ፣ የማታውቀው ነገር ልንገርህ?»

«ደግሞ ጨረቃ የት ደረሰች?» አለ። ሳቁ።

«መቀስህ መቶ ጊዜ ቀጭ ሲል ጸጉር የሚቆርጠው ሃያ ዘጠኙ ብቻ ነው። ሰባ አንዱ አየር ነው የሚቆርጠው።»

መቀሱ ቆመ።

ወደ ጆሮው አላነሳውም፤ ባለበት ነው የቆመው። ግን ቆመ። አባቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ።

«አትለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ማን ቆጠረው?»

«እኔ። ሦስት ቀን።»

አግዳሚው አጨበጨበ። አስተማሪው «ልጁ መቀስ አስቆመህ!» ብለው ሳቁ። በረዶ ሳይቀር ከልቡ አጨበጨበልኝ። ፊቴን በፎጣ ሸፈንኩ፤ ደስታዬ እንዳይታይብኝ። ፎጣውን ሳወርድ አባቴ አሁንም መቀሱን እያየ ነበር፣ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል። አንዴ ቆረጠና ቆመ። አየው። ደግሞ አንዴ ቆረጠ። ቆመ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እያለ አባቴ ራሱ በመላጣ ደንበኞቹ ላይ ይቀልድ ነበር። ያ ሳምንት የዚያ ተረት ማብራሪያ ሆነ። አባቴ በከንቱ ላለመቁረጥ መጠንቀቅ ጀመረ። መቀሱን ወደ ጸጉሩ ያስጠጋል፣ ያስባል፣ ይቆርጣል፣ ይዘጋል። ሩብ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ አንድ ሰዓት ፈጀ። ቤቱ ዝም አለ፤ ወሬ የያዙ ሰዎች ራሳቸው ወሬያቸውን ሳይናገሩ ተስተካክለው ሄዱ፤ በዚያ ጸጥታ መናገር ይከብዳልና። ማክሰኞ ዕለት የአንድ ሰው ጆሮ ነካ። ትንሽ ደም ናት፣ ጥጥ አስይዘን አቆምናት፤ ግን በአርባ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበረች። እኔ «አባባ» ባልኩ ቁጥር መቀሱን ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል። ረቡዕ መቀሱን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና የኤሌክትሪክ ቶንዶሱን አነሳ። ያን «የበግ መላጫ» እያለ ሲሰድበው የኖረውን ቶንዶስ።

እራት ላይ፣ «እጄ አርጅቶ ይሆናል» አለ።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን ነገርከው?» አለችኝ።

በማግስቱ ጥርሴን ነክሼ ወደ በረዶ ሄድኩ። ከአንድ ፍሪጅ ጀርባ ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታይ ነበር።

«ማነው? ፍሪጅ ተበላሸባችሁ?»

«አባቴ ነው የተበላሸው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ወጥቶ እጁን ጠረገና አንድ የተገለበጠ ሳጥን አስጠጋልኝ። ሁሉንም ሰማኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሰው እየመጣ "ፍሪጄ መጮህ ጀመረ" ይለኛል። ፍሪጁ ዱሮም ይጮሃል። አንድ ቀን ሰምቶት ነው። አንዴ ከሰማው ደግሞ እንቅልፍ የለም።»

«እና ምን ታደርግለታለህ?»

«ብሎን ጠበቅ አድርጌ እመልስለታለሁ። ልጁ ሲያለቅስ ወይ ሚስቱ ስትቆጣ ይረሳዋል። ጆሮውን ሌላ ነገር መውሰድ አለበት። ለጋሼም የሚያስደንቅ ወሬ አይበጀውም፤ መደነቅ መቀሱን ያቆማል። የሚያከራክር ነው የሚያስፈልገው።»

«አንተ አለሃ፣ የወሬ ጎተራ።»

ሳቀ። «ከየት እንደማመጣው ልንገርህ? ሰው ፍሪጁ እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ሥር አሮጌ የልጆች መጽሔት አጥፎ ያደርጋል። ስጠግን አነበዋለሁ። ከደመናው ወሬ ወዲህ የመጡት ፍሪጆች ግን ሁሉም እግራቸው ደህና ነው።»

እኔ አንድ ነበረኝ። ከሁሉ የሚበልጥ ወሬ፣ ለጸጉር አስተካካይ የተሠራ የሚመስል። ለአባቴ የልደት ቀን አስቀምጬው ነበር። አሁን ከእኔ አፍ ቢወጣ አባቴ የሚያየው እጁን እንጂ ሌላ አይደለም። ይህን በረዶ አልነገረኝም፤ መንገድ ላይ ሳለሁ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ሳጥኑ ላይ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ነገርኩት። ሁለቴ ደጋግሞ በቃሉ ያዘው፤ እኔ ስሰጥ እሱ ሲቀበል፣ ጥርሴን የማወልቅ መሰለኝ።

ቅዳሜ አስተማሪው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ያለፈው ሳምንት ቁርጥ ጎዶሎ ሆኖባቸው ሊያስተካክሉ መጥተው። አባቴ ቶንዶሱን ማጅራታቸው ላይ አድርጎ በጸጥታ ይሠራል።

«ጋሼ» አለ በረዶ፣ ወለሉን እያየ፣ «የቀጭኔ አንገት ውስጥ ያለው አጥንት ስንት ይመስልዎታል?»

«እኔ እንጃ። ሃምሳ?»

«ሰባት። ከሰው ጋር እኩል ነው።»

አባቴ ቶንዶሱን አጠፋው። «ሂድ ወዲያ! ያ ሁሉ አንገት?»

«እያንዳንዱ አጥንት ረጅም ነው እንጂ ቁጥሩ ያው ነው።»

«እና ይህም ሰባት ነው?» ማበጠሪያውን አንስቶ በጫፉ የአስተማሪውን ማጅራት ይቆጥር ጀመር። «አንድ... ሁለት...»

«ኧረ ቀስ! እኔ ቀጭኔ ነኝ እንዴ?» አሉ አስተማሪው።

«ዝም በሉ፣ አንገትዎን አይሰብሩ! ሦስት... ይሄ አጥንት ነው ጅማት? አርባ ዓመት አንገት ስላጭ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?» በግራ እጁ እየዳሰሰ፣ በቀኙ መደርደሪያውን ዳበሰና መቀሱን አነሳ። ማንሳቱን ልብ አላለም። አግዳሚው ላይ ካሉት ጋር እየተከራከረ፣ ወደ በረዶ እየዞረ፣ የዝሆንስ፣ የአይጥስ እያለ እየጠየቀ፣ እጁ አየር ላይ ወጣ።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

አግዳሚው ሁሉ ሰማ። ማንም ትንፍሽ አላለም። እኔ ሳላስበው መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሰባት ላይ ስደርስ ምላሴን ነክሼ ተውኩት።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማህ አንተ? ወሬ ማለት ይህ ነው! ካርቶን ላይ መስመር ከምትስል ከዚህ ልጅ ተማር!»

በረዶ ቀና ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል እንዳይናገር ራሴን ነቀነቅኩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። እሱን አድምቆት ነበር። አስተማሪው ሲወርዱ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ አባቴ «ልጄ» እያለ ጨርቁን አሰረለት፣ እኔም ከሥራቸው ጸጉር ጠረግኩ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል እዋሻለሁ። መጥረጊያው ከወትሮው ይልቅ ይከብድ ነበር።

እራት ላይ አባቴ የእናቴን እጅ ይዞ በገዛ ማጅራቷ ላይ አጥንቶቹን አንድ በአንድ አስቆጠራት። እሷ እየሳቀች አራት ላይ ጠፋባትና ወደ እኔ ዞረች።

«ይህንንም በረዶ ነው ያለው?»

አባቴ ውጦ እንዲመልስላት ጠበቅኩ። አፉ ግን ሙሉ ነበር።

«አዎ» አልኩ፤ «በረዶ ነው።»