ሳብ!

እና ደግሞ ውሃ አዘዘላት፣ ውሃ፣ ማን ውሃ ፈለገ፣ መርከቧ ላይ መጠጥ የምታዞረው ልጅ ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኗን እያየች ምን ላምጣልሽ ስትላት የወይንሐረግ አፏን ከፍታ ቃሉን እየፈለገች ነበር እኮ፣ ያ ቢጫው፣ በረዶ የሚንኳኳበት፣ ሌሞኔድ፣ ይኸው አሁን መጣ፣ ልጅቷ ከሄደች በኋላ መጣ፣ ዓብዩ መች ይጠብቃል፣ ሺ ዊል ሃቭ ዋተር ብሎ ዘጋው። ባሏ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ዛሬ ጠዋት ተንበርክኮ ጫማዋን ያሰረላት እሱ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው እጇን እንደያዘ ነው የመጣው፣ ግን ከስትሮኩ ወዲህ አፏ እሱ ሆኗል፣ ዶክተሩ እሷን ሲጠይቅ እሱ ይመልሳል፣ እህቷ ስትደውል እሱ ይመልሳል፣ ደህና ናት፣ በልታለች፣ ተኝታ ነበር፣ እሷ እዚያው ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ የራሷን ወሬ ከሰው ትሰማለች።

ውስጧማ ሙሉ ነው። ውስጧ ገበያ ነው፣ ወሬው፣ ስድቡ፣ ቀልዱ፣ ሁሉም በቦታው አለ፣ የጠፋችው ከጭንቅላት እስከ ከንፈር ያለችው አጭር መንገድ ናት። ጨው ልትል ማክሰኞ ይወጣል። ሽንት ቤት ልትል፣ ማክሰኞ። ከየት የመጣ ማክሰኞ እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ አፏ ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ሳሌምን ልትጠራ፣ አንድ ልጇን፣ ማክሰኞ አለቻት፣ ሳሌም መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ እናቷ በመስኮት እያየቻት።

አሁን ያቺው ሳሌም ከፊቷ ተቀምጣ በስልኳ ታነሳታለች፣ ማሚ ስማይል፣ ሉክ ሃው ፕሪቲ ዚስ ኢዝ። ቆንጆ ነው፣ እውነቷን ነው። መርከቧ የድሮ ዓይነት ናት፣ ሁለት ረጃጅም ምሰሶ ያላት፣ እንጨቷ ተቀብቶ ተወልውሎ እንደ ማር የሚያበራ፣ ከኦልድ ታውን ወደብ በሞተር ቀስ ብላ ወጥታ አሁን ፖቶማክ መሀል ናት፣ ወንዝ ይሉታል እንጂ እዚህ ጋ ባሕር ነው፣ ወዲያ ማዶ ትልቁ የመዝናኛ ጎማ ሲዞር ይታያል፣ ዳርቻው ሁሉ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ፣ ከላይ አውሮፕላን ጎማውን አውጥቶ ወደ ኤርፖርቱ ይወርዳል። ትኬቱን የቆረጠችው ሳሌም ናት፣ ማሚ ትንሽ ኤር ያስፈልግሻል ብላ።

ኤር! ለምን ዛሬ እንደሆነ የማታውቅ መስሏቸዋል።

ሰኞ ሱቁ ይሸጣል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ያለችው የልብስ ማስተካከያ፣ የሷ፣ ራሷ ከፍታ ራሷ ቀለም የቀባቻት፣ የስንቱን ሙሽራ ቬሎ ያጠበበችባት፣ በሠርጉ ዋዜማ ዚፑ አልዘጋ ያለው ሁሉ እያለቀሰ የሚገባባት፣ ገዢ ተገኘ፣ የበልትስቪል ሰውዬ፣ ድራይ ክሊነር ሊያደርጋት። ማታ ማታ ኪችን ውስጥ ይንሾካሾካሉ፣ ስትሮኩ ጆሮዋንም የወሰደው ይመስል፣ ከዚያ ዓብዩ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ የወይኔ፣ ላንቺ ብዬ ነው፣ ማን ይሠራባታል፣ እጅሽም አለና ቀኝ እጇን ያዘ። አይሆንም ልትል ነበር። በሙሉ ነፍሷ አይሆንም። ማክሰኞ ወጣ። እሱም እጇን እያሻሸ፣ አይ፣ ሰኞ ነው የኔ ቆንጆ፣ አላት።

ሰኞ ነው የኔ ቆንጆ! ወይ ጉድ፣ ያን ቀን ብትስቅ ይሻላት ነበር፣ አልሳቀችም፣ ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች።

ጩኸት። ምንድነው፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሹሩባ የተሠራች መርከበኛ ከምሰሶው ሥር ቆማ ታጨበጭባለች፣ ሸራውን የሚሰቅል ጉልበተኛ እፈልጋለሁ፣ ከናንተ ከተሳፋሪዎቹ፣ ማነው የሚያግዘኝ፣ ሰዉ እየሳቀ ይነሳል፣ ቆብ ያደረገ ግዙፍ ሰውዬ፣ ፍቅረኛሞች፣ አንዲት ባለ ነጭ ፀጉር ሴትዮ፣ ረጅሙን ገመድ ይዘው ይሰለፋሉ፣ የሚወጣው ሸራ ነው፣ ሸራ ማለት ደግሞ ጨርቅ ነው፣ እና እግሯ ተነስቷል፣ የወይንሐረግ ራሷ ሳታውቅ ቆማለች።

የት ነው፣ አረፍ በይ እንጂ፣ ዓብዩ ነው፣ ክንዷን ይዞ፣ ትወድቂያለሽ፣ መርከብ ላይ እኮ ነን፣ ሳሌም ከወዲያ፣ ዳዲ፣ ሌት ሃር ጎ፣ እሱ፣ አንቺ ዝም በይ፣ እሷ ደግሞ፣ ዳዲ፣ ፕሊዝ። የወይንሐረግ ክንዷን ታስለቅቀዋለች። ወለሉ ይወዛወዛል፣ እሷ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ሳሎኗም ሲወዛወዝ ነው የኖረው፣ ምን አዲስ ነገር አለ፣ ከግዙፉ ሰውዬ ኋላ ትቆማለች።

ገመዱ ሻካራ ነው። ግራ እጇ ወዲያው ያዘ፣ ግራ ጎበዝ ነው። ቀኙ፣ ቀኙ የሰው እጅ ይመስል ተንጠልጥሏል፣ በግራዋ አንስታ ገመዱ ላይ ታጋድመዋለች፣ ጨርቅ ከመርፌ ሥር እንደምታስገባው፣ በዝግታ፣ አሁን ዝጊ፣ ዝጊ እንጂ፣ አውራ ጣት፣ ጎሽ፣ ቀጥሎ፣ አንቺ ሰነፍ፣ ቀጥሎ። ይዘጋል። እንደ ሕፃን እጅ ላላ ብሎ፣ ግን ይዘጋል።

ሂቭ! ትላለች መርከበኛዋ፣ ይጎትታሉ፣ ሸራው ትንሽ ከፍ ይልና ይቆማል። ሂቭ! ግማሹ ጎተተ ግማሹ ገና እየሳቀ ነው፣ ፍቅረኛሞቹ ፎቶ ላይ ናቸው፣ ጨርቁ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ አልተገናኙም፣ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ ነው የሚስበው፣ ያናድዳል፣ እንዲህ ይሠራል እንዴ፣ እግሯ ወለሉን መምታት ጀምሯል፣ የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደምትረግጠው፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ የንግግር ቴራፒስቷ ያለችው ይሄንን ነበር፣ ቃል እምቢ ሲልሽ ምት ስጪው፣ ዜማ አድርጊው፣ ለዜማ ሌላ መንገድ አለ፣ እሷ ግን አፈረች፣ እኔ ትልቅ ሴትዮ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ልዝፈን፣ ብላ ከንፈሯን ነከሰች፣ አሁን ማን ያፍራል፣ ሸራው እየወረደ ነው፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ከእግሯ ወደ ጉልበቷ፣ ከጉልበቷ ወደ ሆዷ እየወጣ፣

አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ!

ማነው የጮኸው። ግዙፉ ሰውዬ ዞሮ ያያታል። እሷ ናት። አንድ፣ ሁለት፣ ሳብ! ማክሰኞ አይደለም፣ የምን ማክሰኞ፣ ሳብ! ዋት ዲድ ሺ ሴይ ይላል ከፊት ያለው፣ መርከበኛዋ ግን ገብቷታል፣ ሥራ ሥራን ያውቃል፣ ጣቷን ወደ የወይንሐረግ ቀስራ ፎሎው ሃር! ትላለች፣ እና አንድ፣ ሁለት፣ አሁን ሁሉም ይጠብቃታል፣ ሁሉም ትከሻ አብሮ ወደ ኋላ፣ ሳብ! ባለ ነጭ ፀጉሯ ሴትዮ ሳብ ትላለች፣ ባለቆቡ ሰውዬ በወፍራም ድምፁ ሳአአብ፣ አስቂኝ፣ መርከብ ሙሉ አሜሪካዊ በአማርኛ እያዘዘች፣ ሸራው ይወጣል፣ ይወጣል፣ ስፌቱን ታየዋለች፣ ዚግዛግ ነው፣ የሠራው እጁ ይባረክ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ነፋሱ ገባበት፣ በአንድ ጊዜ ጡንቻ እንዳወጣ ሰው ተወጠረ፣ ሞተሩ ጠፋ። ጸጥታ። ከዚያ ጭብጨባ፣ ሳሌም ወንበር ላይ ወጥታ በሁለት ጣቷ ታፏጫለች፣ ማን አስተማራት።

መዳፏን ትገልጠዋለች። ቀኙ ቀልቷል፣ ገመዱ ፍቆታል። ያቃጥላል። ያቃጥላል! ሙቅና ቀዝቃዛ የማይለይ እጅ ያቃጥላል!

ዓብዩ ውሃውን እንደያዘ ቆሟል፣ ብርጭቆው ዘምሞ ሱሪው ላይ እየፈሰሰ፣ አላወቀውም። ወደሱ ትሄዳለች፣ አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አሁን። ሱ፣ ትላለች፣ ሱ፣ ማክ፣ የለም፣ ተመለሺ፣ አትቸኩዪ፣ እግርሽስ፣ ዱብ፣ የመርከቡን ጠርዝ በሚያቃጥላት መዳፏ ትመታለች፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ሱቁን፣ አልሸጥም።

ምን አልሽ።

ሰምቷል፣ ፊቱ ሰምቷል፣ ግን ትደግመዋለች፣ ደስ ስለሚላት ትደግመዋለች፣ ሱቁን፣ አልሸጥም።

ዓብዩ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ ወድቀሽ ያገኘሁሽ እኮ እኔ ነኝ፣ ይላል፣ መቀሱ እጅሽ ላይ፣ ዓይንሽ ተገልጦ፣ ስጠራሽ፣ ስጠራሽ፣ ያን በር ሁለተኛ ከፍቼ እንደዚያ ሆነሽ ባገኝሽ እኔ አልተርፍም፣ የወይኔ፣ አልተርፍም። እንዲህ ብሎ አያውቅም። ለካ ፍርሃት ኖሯል፣ እሷ ደግሞ ተስፋ ቆርጦብኛል ብላ ነበር ግድግዳ ስታይ የከረመችው፣ እሱ ለካ ከዚያ በር አልወጣም፣ እስካሁን እዚያው ቆሞ እየጠራት ነው። ከባዱን ቀኝ እጇን አንስታ ማጅራቱ ላይ ታሳርፈዋለች። ብዙ ልትለው ትፈልጋለች፣ ገበያው ሁሉ ይጮሃል፣ ከመሀሉ አጭሩን ትመርጣለች፣ ዱብ፣ ዱብ፣ አንተም፣ ና።

የት፣ ሱቅ? እኔ? ቁልፍ መትከል እንኳ የማልችለውን? እንባውም ሳቁም አብረው ይመጡበታል። ሳሌም ከኋላቸው አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ዳዲ፣ ዩ አር ሃየርድ፣ ተቀጥረሃል።

ድልድዩ። ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሰቅሏል፣ ያ የቤልትዌይ አውራ ጎዳና የሚሄድበት ድልድይ፣ ዕድሜዋን በመኪና ከላይ ያለፈችበት፣ ዛሬ ከሥሩ ናት፣ ምሰሶው ሊመታው ነው፣ ወይኔ ሊመታው ነው፣ አንዷ ትጮሃለች፣ አልመታውም፣ ጥላው ቀዝቀዝ ብሎ በፊቷ ላይ ያልፋል፣ ከላይ መኪናው ያጓራል፣ ስንቱ ፎልስ ቸርች ሊደርስ ይጋፋል፣ ምን አለ ቁልቁል ቢያዩ፣ እዚህ ነኝ እኮ፣ ከዚያ ፀሐይ፣ ሰፊ ውሃ፣ ዳርቻው ወዲያና ወዲህ እየሸሸ፣ አንድ ትልቅ ወፍ ከነዓሣው ወደ ጎጆው።

ሄይ፣ ካፕቴን! ይላል ባለቆቡ ሰውዬ፣ ማንን ነው፣ እሷን ነው፣ የፊተኛው ሸራ ገና አልወጣም፣ መርከበኛዋ ገመዱን ፈታ በእጇ ትጠራታለች፣ ይሰለፋሉ፣ ፎቶ የሚያነሳ የለም አሁን፣ ዓብዩም ሸሚዙን ጠቅልሎ ገብቷል፣ ከፊቷ፣ በሱሪው ላይ የውሃ ካርታ፣ ጠጉሩ ከኋላ ሳስቷል፣ መቼ እንዲህ ሳሳ፣ ገመዱን ጥብቅ አድርጎ ይዟል፣ ውሃው እንጨቱን ይልሳል፣ ይጠብቋታል፣ ይጠብቁ፣ አትቸኩልም፣ እግሯን ታመቻቻለች፣ ነፋሱ በአፏ ይገባል፣ አየሩን እስከ ሆዷ ድረስ ትስበዋለች፣ አንድ፣ ሁለት፣