የተሰፋው ፖስታ

ሰላማዊት ፖስታውን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው። የፀሐይ ብርሃን ማለፍ በነበረበት ቦታ አላለፈም። ዝቅ አድርጋ አየችው። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ክፍት የነበሩት ሁለት ስንጥቆች ተዘግተዋል። በቀጭን ክር ተሰፍተዋል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገ ንጋት ላይ ከሰቆጣ በሚነሳው አውቶቡስ ይህን ፖስታ ይዛ አዲስ አበባ ልትሄድ ነው። የቴምብርና የፖስታ ሰብሳቢዎች ማኅበር ውድድር አዘጋጅቷል፤ ዘንድሮ የሚያሸንፈው ሰው ክምችቱን ይዞ በካሪቢያን ደሴቶች በሚከፈት ዐውደ ርእይ ላይ እንዲቀርብ ይላካል። ካሏት ፖስታዎች ሁሉ ተስፋ የጣለችው በዚህ ነበር።

ፖስታው ከጃማይካ ወደ ባርቤዶስ በመርከብ የተላከ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በቀኝ ጥጉ የንግሥት የጎን ፊት ያለበት ደብዛዛ ብርቱካንማ ቴምብር አለው፤ በቴምብሩ ላይ ጥቁር ማኅተም አርፏል። ውስጡ ባዶ ነው። ትልቁ ነገር ስንጥቆቹ ነበሩ። በዚያ ዘመን ወረርሽኝ ካለበት ወደብ የመጣ ደብዳቤ በቢላ ይወጋና የድኝ ጭስ በቀዳዳው እንዲገባበት ይደረግ ነበር። ለባለቤቱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰላማዊት ነርስ ናት። በኮሮና ጊዜ በከተማው መግቢያ ኬላ ቆማ የመንገደኛውን መታወቂያ እየተቀበለች አልኮል ስትረጭ ከርማለች። በኋላ የተወጉ ፖስታዎችን ፎቶ በስልኳ ስታይ፣ በማታውቀው ባሕር ዳርቻ የሥራ ባልደረባ ያገኘች መሰላት። እንዲህ እያለች ባርቤዶስ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሰብሳቢ ጋር ተዋወቀች። እሷ ከሱቆችና ከመሥሪያ ቤቶች የተጣሉ የኢትዮጵያ ፖስታዎችን ከነቴምብራቸው ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ በልዋጩ ከደሴቶቻቸው አሮጌ ፖስታ ይልኩላታል። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ጠፍቶ በነበረበት ዘመን ሁሉም ቀረ። ሲከፈት መጀመሪያ የደረሳት ይህ ነበር። እናቷ ማንጠግቦሽ ያን ቀን ፖስታውን ገልብጠው ቢያራግፉት ምንም አልወጣ ሲላቸው፣ የሰው ልጅ ደብዳቤ ሲመጣለት ለእኔዋ ልጣጩ ይመጣላታል ብለው ጎረቤቱን አስቀዋል።

ማን እንደሰፋው መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ የብራና መጻሕፍት ጠጋኝ ናቸው። ከአጎራባቾቹ ወረዳዎች ከጋዝጊብላም ከደሃናም የተቀደደ ዳዊት፣ አይጥ የበላው ድርሳን በአህያ ተጭኖ ይመጣላቸዋል። ለእሳቸው አንድ ሕግ አለች፤ የተቀደደ ቅጠል ቁስሉን ይዞ ከደጃቸው አይወጣም። ትናንት ፖስታውን ስታሳያቸው ለረጅም ጊዜ ይዘውት ቆይተው የጸሐፊውን እጅ አድንቀው ነበር፤ አልቸኮለም፣ ብዕሩን አላስጨነቀውም ብለው። ስንጥቆቹን በጣታቸው ዳስሰው ማን እንደወጋው ሲጠይቋት እሷ ሻንጣዋን እያዘጋጀች የጤና ሰዎች ናቸው አለች። ከዚያ በላይ አላብራራችም።

ፖስታውን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። አባቷ በግድግዳው ጥላ ተቀምጠው በእንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ ይፍቃሉ።

"አየሽው?" አሉ ቀና ሳይሉ። ፈገግታቸውን ለመደበቅ እንዳጎነበሱ ያስታውቃል።

"አየሁት፣ አባ።"

"ብራና ቢሆን በጅማት እሰፋው ነበር። ወረቀትን ግን ጅማት ይበጣዋል። ካረጀ የመጽሐፍ ልባስ አንዲት የሐር ዘለላ መዘዝኩና በሷ ሆነ። መርፌዋን ምሳው ከሚባለው ልብስ ሰፊ ነው የተዋስኳት። 'መሪጌታ፣ ለቁንጫ ሸሚዝ ሊሰፉ ነው ወይ?' ብሎ ሳቀብኝ።"

ሰላማዊት ልትናገር አፏን ከፍታ እንደገና ፖስታውን አየች። ቅድም በድንጋጤ ያላየችውን አሁን አየች። መርፌዋ አንድም ቦታ ቀለም አልነካችም። ክሩ ማኅተሙ አጠገብ ሲደርስ ስፌቱን አጥብቦ፣ ክቡን ዞሮ፣ ወዲያ ማዶ ቀጥሏል። አንደኛው ስንጥቅ የአድራሻውን የመጀመሪያ ፊደል ለሁለት ከፍሎት ነበር። አባቷ የላቲን ፊደል አያነቡም። የፊደሉን ሁለት ግማሾች ግን አፋፍ ለአፋፍ ገጥመዋቸው፣ የተቆረጠው የብዕር መስመር ካቆመበት ቀጥሎ ይሄዳል። ስንት ጊዜ በአጉሊ መነጽር ያየችው ፊደል ነበር፤ ሙሉ ሆኖ ያየችው ግን ዛሬ ነው።

ፖስታውን እያገላበጠች ስትቆይ አባቷ መፋቂያውን አስቀመጡ።

"ምነው? አበላሸሁት?"

እንዳትዋሽ ፊቷ ቀድሞ ተናግሯል። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስለ ጭሱ፣ ስለ ቢላው፣ ወረርሽኙን ስለሸሹት ወደቦች ነገረቻቸው። ውድድሩ ላይ የሚታየው የወጊው ምልክት እንደነበረ፣ የተነካ ነገር እንደማይወዳደር ነገረቻቸው።

"ቁስሉ ነበር ክብሩ በይኛ" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ፣ አባ።"

ማንጠግቦሽ ከጓዳ በር ላይ ሆነው በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣኛ ይቆጡ ጀመር። ልጂቱ እስክትመጣ ይጠብቁ ብያቸው ነበር፣ እጃቸው ቀዳዳ ካየ መቼ ያርፋል፣ እኔንም አንድ ቀን ሳዛጋ አግኝተው ይሰፉኛል አሉ። ማንም አልሳቀም።

ሰላማዊት አዲስ አበባ ደወለች። የውድድሩ አስተባባሪ አቶ አንዷለም ፎቶውን እንድትልክላቸው ጠየቁ፤ ላከች። መልሰው ሲደውሉ ድምፃቸው ዝግ ብሏል። አባቷም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"እንግዲህ ሰላማዊት፣ እኔ ያልኩሽ እንዳይሆን" አሉ አንዷለም። "ክሩን ቀስ ብለሽ ምዘዢው። የመርፌው ቀዳዳ ከመስታወት ስር አይታይም። ዳኞቹ በእጃቸው አይነኩትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ካንቺ ጋር የሚፎካከር ሰው አላየሁም።"

"ቢጠይቁኝስ?"

"ማን አውቆ ይጠይቅሻል?"

አባቷ ተነስተው የብራና መቁረጫቸውን ትንሿን ስለት አምጥተዋል። ስለቷን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት።

"ቋጠሮዋ አንዲት ናት" አሉ። "እሷን ከቆረጥኩ ሌላው ያለ ችግር ይሳባል። ወረቀቱ አይቀደድም፣ አትፍሪ። ስጪኝ።"

ዘረጋችላቸው። አባቷ ፖስታውን ጭናቸው ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ አሳርፈው ስለቷን ወደ ቋጠሮዋ አስጠጉ። ሰላማዊት ዓይኗን ከእጃቸው ወደ ፖስታው መለሰች። ጸሐፊው በአንድ ደሴት ላይ ተቀምጦ ሳይቸኩል ጽፎበታል። ሌላው ሞትን ፈርቶ ወግቶታል። ሦስተኛው ሰቆጣ ላይ፣ የማያውቀውን ጸሐፊ አክብሮ፣ ራሱ ያልወጋውን ዘግቶታል። ክሩ ቢመዘዝ ፖስታው የመጀመሪያዎቹ የሁለቱ ብቻ ይሆናል፤ እሷም ደሴቶቹን ታያለች። ባርቤዶስ ያሉትን ሽማግሌ በአካል አግኝታ እጃቸውን ትጨብጣለች። እዚያም ቆማ ማንም አልነካውም ትላለች።

"አባ፣ ይተዉት።"

"ልጄ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ አይቀደድም።"

"አውቃለሁ። ይተዉት።"

ስለቷን ከእጃቸው ወስዳ መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ስልኩ አልተዘጋም ነበር።

"አቶ አንዷለም፣ ከውድድሩ አውጡኝ" አለች። "ፖስታውን ግን አመጣዋለሁ። ሳይወዳደር የሚታይበት ቦታ አለ ብለውኝ ነበር።"

"አለ። በሩ አጠገብ ነው፤ ሰው ብዙም አይቆምበትም" አሉ አንዷለም። ደግሞም ጠየቁ፣ "አስበሽበታል? የጉዞው ዕድል በየዓመቱ አይመጣም።"

"አስቤበታለሁ።"

ስልኩን ስትዘጋው ማንጠግቦሽ መቆጣታቸውን ትተው በሩን ተደግፈው ያዩዋታል። አባቷ ፖስታውን እንደ ታመመ ሰው እጅ በሁለት መዳፋቸው ይዘውት ነበር።

"የማይሸለም ከሆነ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?" አሉ።

"ላሳየው።"

"ሰው መጥቶ ይሄ ክር ምንድነው ሲልሽ ምን ትያለሽ? አባቴ ሳያውቅ ነው ልትዪ ነው?"

ሰላማዊት ስልኳን እንደገና አንስታ የአውቶቡስ ትኬት ለቆረጠላት ለትእዛዙ ደወለች። ለነገው ሌላ ቦታ እንዳለው ጠየቀችው። ከኋላ አንድ ቀርቷል አላት።

"ከኋላ አይሆንም፣ አባቴ ሽማግሌ ናቸው፤ መንገዱ ያንገላታቸዋል" አለች። "የእኔን ከፊት ያለውን በመሪጌታ ገብረ ኢየሱስ ስም አዙረው። ከኋላ እኔ እቀመጣለሁ።"