የቡሽራ ጥሪ

ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ጂሬኛ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ነበር። ዘመኑ ባለ ቁልፍ ስልክ ገና ብርቅ የሆነበት ነው፤ ስልኩም ጢጥ ጢጥ ከማለት በቀር ድምፅ አልነበረውም። ጂሬኛ ግን በዚያች ጢጥታ ዜማ ይሠራል። የጫት ነጋዴዎች አጥብቀው ይፈልጉታል። እጃቸው ጫት በማሰር ተይዞ ስልክ ማየት ስለማይመቻቸው፣ ለየደዋዩ የተለየ ጥሪ ያስገባላቸዋል። የሂርናው ሾፌር ይሁን የገለምሶው ገበሬ በጆሯቸው ይለያሉ።

ሲያመሰግኑትስ? «አቦ፣ ከዚች ቁራጭ ስልክ ይህን ታወጣለህ!» ይሉታል። ሁሉም ይህንኑ፣ ጦጣ ስትጨፍር ያዩ ይመስል። ዜማው ያምራል ያለው አንድ ሰው የለም። ያስጠላል ብለው ቢሰድቡት እንኳ በተሻለው ነበር። ደግሞስ ማን ሰምቶት! ገና ሲጀምር አንስተው «ሄሎ» ይላሉ።

ከሁሉ የደከመበት ለነጋዴው ለአብዱናስር የሠራው ነው፤ ሾፌሩ ቡሽራ ከሂርና ሲደውል የሚጮኸው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ዜማው ይወጣ ይወጣና ጫፍ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። አለቀ ሲባል ከታች ቀስ ብሎ ይመለሳል። ጂሬኛ ያቺን ዝምታ ከልጁ አይለያትም።

አንድ ማክሰኞ የአብዱናስር ሚስት ሹክሪያ ቁልፉ የተነቀለውን የባሏን ስልክ ይዛ መጣች። ጠግኖ ቢሰጣትም አልሄደችም።

«ጂሬ፣ ያ የቡሽራ ጥሪ መጨረሻው እንዴት ነው? እሱ ቶሎ ያነሳብኛል» አለች።

አሰማት። ስልኩ ዝም ሲል እሷም ትንፋሿን ያዘች።

«እዚያ ጋ ለምን ዝም አሰኘኸው? ወላሂ ሆዴን ነው ያባባው» አለች። ቀጥላም «ሲወርድ ግን ይቸኩላል። ትንሽ ቢቆይ» አለችው።

እውነቷን ነበር። እዚያው አስተካከለው። ጂሬኛ ዕድሜውን ሙሉ ይህችን ነቀፌታ ሲጠብቅ የኖረ ነው የመሰለው፤ ደስታው አፉን ፈታውና «እንግዲህ ሲጮህ አታንሺው፣ እስከ መጨረሻው አድምጪው» አላት። ምነው ምላሱን በቆረጠው!

ዓርብ አብዱናስር ጁምዓ ሲሄድ ስልኩን ለሹክሪያ ተወላት። የቡሽራ መኪና ጭነቱን እንደያዘ ሂርና ላይ ተበላሽቶ ኖሯል፤ ሌላ መኪና ላኩልኝ ሊል ደወለ። ሹክሪያ መንገድ ጀመርኩ ሊል ነው ብላ፣ እጇን ከጫቱ ሳታነሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ደግሞ ደወለ፤ ደግማ አዳመጠች። መልሳ ስትደውልለት የቡሽራ ባትሪ አልቋል። ጫት ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ያ ሁሉ ጭነት መንገድ ዳር ጠውልጎ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አብዱናስር ሚስቱን አስቀድሞ ወደ ጂሬኛ ሱቅ መጣ። የሹክሪያ ዓይን አብጧል።

«ሁለቴ እንደተደወለ ስልኩ ላይ አለ። እሷ አልጮኸም ትላለች» አለ። «አንተ ንገረኝ። ዋሽታኝ ከሆነ ዛሬውኑ አገሯ መሰላ፣ አባቷ ቤት ትገባለች።»

ሹክሪያ መሬት መሬቱን ታያለች። ጂሬኛ እውነቱን ቢናገር፣ በዚህ ከተማ ዜማውን ዜማ ብሎ የሰማ አንድ ሰው መኖሩ ይታወቅለት ነበር። ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠው።

«እውነቷን ነው፣ ጋሽ አብዱናስር። ያ ጥሪ መሀሉ ላይ ዝም ይላል። ሲብስበት ደግሞ ከናካቴው አይጮኽም።»

«ዝም የሚለው ብልሽት ነው?»

«ብልሽት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«በል አጥፋው።»

አጠፋው። በምትኩ ስልኩ ሲገዛ የነበረውን ጥሪ መለሰለት። ሹክሪያ ቀና ብላም አላየችው፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ሱቁ ዝር አላለች። ማን ይፈርድባታል?

አብዱናስር ግን ቁጣው በረደ። በሩ ላይ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ የጂሬኛን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገ።

«ቢበላሽም ቅሉ፣ ከዚች ቁራጭ ስልክ ያን ያህል ማውጣትህ ይገርመኛል» አለው።

«አመሰግናለሁ» አለ ጂሬኛ።