የረቡዕ ሌሊት ተረኛ

ሻለቃ ታፈረን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ክፉ ሰው ነው እንዳልል አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሻለቃው ኮምፒውተር የሚወድ ሰው ነው፤ ያውም በገዛ እጁ አንድ ቀን ከፍቶት ሳያውቅ። እንዲህ ያለ ፍቅር ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ያየሁት በእሱ ነው።

እኔ ዘመኑ እባላለሁ። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነበርኩ። ፈረንጁ መምጣት ሲያቆም ሥራዬም አብሮ ቆመ። ቤት ተቀምጬ ኮድ መጻፍ ተማርኩና ለሆቴሎች የአልጋ መያዣ ፕሮግራም መሥራት ጀመርኩ፤ እንግዳ ለሌላቸው ሆቴሎች። ከዚያ ነው ከከተማው ዳር የሰፈረው ጦር ለወታደሮቹ አጭር የኮምፒውተርና የኮዲንግ ሥልጠና እንድሰጥ የጠራኝ። እሺ በማለቴ ሰፈሩ በጎን ያየኝ ጀመር። እኔ ግን ማስተማር ማስተማር ነው ብዬ ገባሁበት።

ክፍላችን የአንድ ባዶ ሆቴል አዳራሽ ነበር። ወር ተኩል ይፈጃል የተባለው ትምህርት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይሸራረፍ ነበር። ዛሬ ጋሸና ላይ ጭነት የሚያራግፍ ሰው ተፈልጓል ይባልና ግማሹ ክፍል ይሄዳል። ነገ ፍተሻ አለ ይባላል። የቀሩት ደግሞ ሌሊቱን ዘብ ቆመው አድረው ይመጡና ኪቦርዱ ላይ ይደፋሉ። በነሱ አልናደድም፤ እንቅልፍ የሰው ነው። የምናደደው እያንኮራፉ እያያቸው «በሚገባ እየሠለጠኑ ነው» ብሎ ወደ በላይ በሚያስተላልፈው ሻለቃ ነበር።

ከመካከላቸው አንድ ቀን እንኳ ያላንቀላፋችው መክሊት ናት። ኮን ከምትባል የገጠር ከተማ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ አፏ የማይመለስ። ኮዱ እምቢ ሲላት ጠረጴዛውን በቡጢ ትመታለች። እኔ ስሳሳትም በሰው ፊት «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ልክ አይደለችም፣ ይዩዋት» ትለኛለች፤ አለቃ ይኑር አይኑር ግድ የላትም። ከክፍሉ አንድ ሰው ተመርጦ ለአንድ ዓመት ትምህርት አዲስ አበባ እንደሚላክ ተነግሮን ነበር። እሷ እንደምትሆን የማያውቅ አልነበረም። እናቷ ዘንድ ደውላ «እማዬ፣ ጠመንጃ ላወርድ ነው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቷ በስልኩ ውስጥ እልል ስትል አዳራሹ ድረስ ይሰማ ነበር።

ለመለማመጃ ብዬ እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ሥራ በፕሮግራም እንዲሠሩት አዘዝኩ። መክሊት የዘብ ተራን ሠራች። ከከተማው በላይ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ባለው የጥበቃ ቦታ አንድ ታብሌት ይቀመጣል። ተረኛው ሲደርስ ቁጥሩን ያስገባል፤ ተራው ከሆነ ይቀበለዋል፣ ካልሆነ «ተራዎ አይደለም» ይለዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማን እንደተገኘና ማን እንደቀረ ያወጣል። ለጀማሪ ግሩም ሥራ ነበር። ገና አልተፈተነም እንጂ።

ሻለቃው ክፍል ገብቶ አየው፤ ዓይኑ በራ። ከበላይ የሚመጡ እንግዶች አሉ፣ ዓርብ ይደርሳሉ፣ በሥራ ላይ ሆኖ ማየት አለባቸው አለ።

«ሻለቃ፣ ገና መሞከር አለበት» አልኩት። «ሳይሞከር ሥራ ላይ አይውልም።»

«እኛ ዘንድ የሚሞከረው ሥራ ላይ ነው» አለኝ፣ ትልቅ ነገር የተናገረ መስሎት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አስጫነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ተራው በሙሉ በፕሮግራሙ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። የመጀመሪያዋ የሌሊት ተረኛም መክሊት ሆነች፤ ረቡዕ ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት እስኪነጋ።

ሐሙስ ጠዋት ክፍል ስገባ ወንበሯ ባዶ ነው።

«የት ሄደች?» አልኩ። የመለሰልኝ አባስ ነው። ከሷ በፊት ዘብ የቆመው እሱ ነበር።

«ታስራለች፣ ጋሼ። ማሽኑ አልተገኘችም አለ። ወላሂ እኔ ነኝ በጄ ያስረከብኳት! ነፋሱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፣ ጋቢዬን ሰጥቻት ነው የወረድኩ። ሲነጋ የሚተካት የለም፣ ብቻዋን ስትወርድ ነው የያዟት። ለሻለቃው ነገርኩ፤ ለጓደኛህ ብለህ ነው የምትዋሽ ብሎ አባረረኝ።»

ቦታ ጥሎ በመጥፋት ነው የተከሰሰችው። በሰላም አገር ቢሆን ቁጣ ይበቃው ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ዘብ ጥሎ የጠፋ ወታደር ዓመታት እስር ቤት ይበሰብሳል። አዲስ አበባ ቀርቶ አገሯን ኮንንም አታይም ማለት ነው።

ኮዱን ከፍቼ አነበብኩት። ስህተቱን ሳገኘው በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆንኩ። እኛ አገር ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ረቡዕ ሌሊት ስንል ረቡዕ ውለን፣ መሽቶ፣ ሐሙስ እስኪነጋ ያለውን ሌሊት ማለታችን ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቀኑን ይገለብጠዋል። ስለዚህ መክሊት እየተንቀጠቀጠች ቁጥሯን ስታስገባ ለሱ ሐሙስ ገብቷል፤ «ተራዎ አይደለም» ብሎ መለሳት። እሷን የፈለጋት ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ እሷ ተኝታ በነበረበት፣ እሱ ራሱ ገና ባልተጫነበት ሌሊት! እሷ የጻፈችው የአገሯን ሌሊት ነው። እኔንም ጨምሮ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን እንደሷ ነበር የሚጽፈው።

በሩጫ ወደ ሻለቃው ሄድኩ። በእጄም በአፌም አስረዳሁት። ሰማኝና ሻዩን አማሰለ።

«ሰው ይዋሻል፣ አቶ ዘመኑ። ኮምፒውተር ግን አይዋሽም።»

«አይዋሽም፤ ያልነገሩትንም አያውቅም! ባልተጫነበት ሌሊት ነው የፈለጋት እያልኩዎት እኮ ነው!»

«በስልክ ለበላይ ተናግሬያለሁ» አለኝ። «ሥርዓቱ በመጀመሪያው ሌሊት ዘብ ጥላ የጠፋች አንዲት ወታደር ያዘ ብያለሁ። በጣም ነው ደስ ያላቸው። አሁን ተሳስቶ ነው ልበል?»

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። አንዲት ልጅ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፋ የምትውለው እሱ ስልክ ደውሎ «ተሳስቻለሁ» ማለት ስላፈረ ነው። ጠረጴዛውን ገልብጬበት ልወጣ ነበር። ግን ያን ባደርግ እኔም እሷ አጠገብ መቆለፌ ነው። ንዴቴን ዋጥኩና ፈገግ አልኩ፤ አስጎብኚ ሆኖ የኖረ ሰው ሳይወድ ፈገግ ማለት አይከብደውም።

«ልክ ነዎት፣ ሻለቃ። እንዲያውም ዛሬ ሌሊት በሷ ቦታ እርስዎ ራስዎ ቢቆሙ! ነገ እንግዶቹ ስምዎን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲያዩት... አዛዡ ራሱ ዘብ ቆመ ይላሉ እኮ።»

እያየሁት ፊቱ ፈካ። «ጻፈኝ» አለ። ጻፍኩት፤ ሐሙስ ሌሊት፣ ከሰባት ሰዓት እስኪነጋ።

ዓርብ ጠዋት አዳራሹ ተጠርጎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ያንኮራፉ የነበሩት ሁሉ ነጠላ መስመር ሠርተው ተቀምጠዋል። ከእንግዶቹ ዋናዋ ኮሎኔል ንጋት የሚባሉ፣ ቁጥብ ሴት ነበሩ። ሻለቃው ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቤ መጥቶ በጆሮዬ «የዘቡን ተወው፤ ደብዳቤ አጻጻፍ አሳያቸው» አለኝ። እንደገባኝ ማታ ታብሌቱ «ተራዎ አይደለም» ብሎታል። ብሎት ሳለ ማንንም አልጠየቀም፤ የሚያወድሰውን ነገር አላውቀውም ማለት አልሆነለትም።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ፕሮጀክተሩን አብርቼ የቀሩትን ስም ዝርዝር ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት።

ሁለት መስመር ነው። መክሊት፣ ረቡዕ ሌሊት፣ አልተገኙም። ሻለቃ ታፈረ፣ ሐሙስ ሌሊት፣ አልተገኙም።

ከኋላ አንድ ወታደር ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ ኮሎኔሏ።

«ቆሜያለሁ!» አለ ሻለቃው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። «እስኪነጋ ቆሜያለሁ!»

«ኮምፒውተር አይዋሽም፣ ሻለቃ» አልኩት። ይህን ስናገር የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልክድም።

ከዚያ ለኮሎኔሏ የቀኑን ነገር አስረዳኋቸው። ፈጥነው ገባቸው። ሳቁም። «አይ፣ የኛ ነገር! የእርስዎስ ይሁን፣ መቆምዎን እናምናለን» አሉት። አንድም ሰው ምስክር አልጠየቀውም። ጋቢ የሰጠህ ሰው ካለ ይምጣ አላለውም። አንዴ ቆሜያለሁ አለ፤ ታመነ። መክሊት ይህንኑ ቃል ስትጮኽ አድራ ውላለች።

«ልጅቷስ?» አልኩ።

«ይፍቷት እንጂ!» አሉ ኮሎኔሏ። ሻለቃው ግን ቀለሙ ተመልሶለት ነበር።

«ትፈታ። ግን ፕሮግራሙን የጻፈችው እሷ ናት፤ ስህተቱም የሷ ነው። እንዲህ የምትሳሳት ልጅ አዲስ አበባ ብትላክ ታሰድበናለች። አሸናፊን እንልካለን።»

አሸናፊ የሻለቃው ሾፌር ነው። ሥልጠናውን በሙሉ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ነው የጨረሰው።

«ለመማር አይደለም ወይ ሰው የሚላከው?» አልኩ፤ ድምፄ አመለጠኝ። «ሳይሞከር ያስጫኑት እርስዎ! ተዉ እያልኩዎት! ስህተቷን እንድታይ እንኳ አንድ ቀን ሰጧት?»

«እሱ የአዛዡ ውሳኔ ነው» አሉ ኮሎኔሏ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ምሳ ደርሷል ተባለ። የጾም በየዓይነቱ ታች ተሰናድቷል፤ ተነሥተው ወረዱ።

መክሊት የገባችው ያኔ ነው። ሲያስሯት ቀበቶዋንና የጫማዋን ማሰሪያ ወስደውባታል፤ ማሰሪያውን በእጇ ጨብጣ፣ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ሰላም እንኳ አላለችኝም።

«የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት፣ ጋሼ?»

ቦታውን ስከፍትላት ሳልናገር አየችው። ጠረጴዛውን በቡጢ መታችው። «ቀኑን! እኔ ደደብ፣ ቀኑን!» ብላ ቁጭ አለችና ጥቂት መስመር ለወጠች። «አሁን ያስነሡት።»

አስነሣሁት። ግድግዳው ላይ ያው ሁለት መስመር ወጣ። መክሊት፣ ረቡዕ ሌሊት፣ አልተገኙም።

ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። ፕሮግራሙ «ተራዎ አይደለም» ብሎ የመለሰውን ሰው አይመዘግብም፤ እንዲመዘግብ አልተነገረውም። ስህተቱ ታርሟል፤ ያ ሌሊት ግን የትም የለም። ብርዱም፣ የአባስ ጋቢም፣ መቆሟም የትም አልተጻፈም። ቆይ በእጄ ላስገባልሽ ብዬ ጣቴን ስዘረጋ እጄን ያዘችው።

«እንዳይነኩት። በእጅ ከገባማ ውሸት ነው።»

እንግዶቹ ከምሳ ሲመለሱ ሁለቱ ስሞች ግድግዳው ላይ እንዳሉ ናቸው። ሻለቃው አያቸውና ቆመ።

«አጥፊው!»

«ሻለቃ፣ እርስዎ ቆሜያለሁ ሲሉ ታመኑ» አለችው። «እኔም ያንኑ ነው ያልኩ። ያንኑ!»

ሻለቃው ሄዶ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው መንጭቆ አወጣው። ያረጀ ኮምፒውተር ነው፤ እየጻፈ ሳለ እንዲያ ሲነቀል አይወድም። እንግዶቹን ከሸኘን በኋላ ለመክፈት ብሞክር አልነሣም አለ።

መክሊት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያሰረች ነበር። «የዛሬ ሌሊት ተረኛ ማን ነው?» አለች።

ሻለቃው አሸናፊን አየ፤ አሸናፊ አባስን አየ፤ አባስ እኔን አየኝ። የሚያውቅ አልነበረም። ተራው በፕሮግራሙ ብቻ ይሁን ብሎ ያዘዘው እሱ ራሱ ነበር፤ ፕሮግራሙም እዚያ የሞተ ሳጥን ውስጥ ነው።

«ግዴለም፣ እኔ እቆማለሁ» አለች፤ ተነሥታ ማሰሪያዋን አጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ዛሬ ግን ሲነጋ መጥተው ይዩኝ። አንድ ሰው አይቶኝ ይንጋ።»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ዳገቱን ወጣሁ። ነፋሱ እውነትም ጆሮ ይቆርጣል።

ቆማ ነበር።