እትዬ ያላገኘችው ጉድጓድ

የእህቴ ልጅ ስልክ ስትደውልልኝ መጀመሪያ የመጣብኝ «ማን ሞተ?» የሚል ነበር። በዚያ ቤተሰብ እኔ የምፈለገው ለለቅሶና ለዕቃ ማንሳት ነው። ለሠርግ ሲሆን የእኔ ስልክ አይሠራም።

የሞተ ሰው አልነበረም። በኮምፒውተር ጌም ላይ መሬት ይሠራሉ የሚባለው እውነት እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። እውነት ነው። ወገቤ ተበላሽቶ የልስን ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ጌሙ ማሸነፍ መሸነፍ የለውም፤ ገብተህ የፈለግኸውን ትገነባለህ። ሰዉ ቤተ መንግሥቱንና ከተማውን የሚያቆምበት ባዶ መሬት ይፈልጋል፤ እኔ መሬቱን እሠራለታለሁ። አንድ ቁልፍ ተጭነው ተራራ የሚያወጡ አሉ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ኮረብታ ይዘረግፍላቸዋል፣ ሁሉም ኮረብታ የአንድ እናት ልጅ ነው። እኔ በብሩሽ፣ በእጄ ነው የምሠራው። መጀመሪያ እንደ ልስን ሻካራውን እመርጋለሁ፣ ቀጥዬ እያሻሸሁ አወርደዋለሁ፣ ዳገቱ ደረጃ እንዳይመስል መሬቱ የተደረደረበትን ብሎክ አንድ በአንድ እሸራርፋለሁ። ወንዝ ስሠራ ከላይ ጀምሬ ውሃው በየት መሄድ እንደሚፈልግ አስባለሁ። አንድ ዛፍ ሠርቼ አላባዛም፤ እያንዳንዱን ለብቻው አቆመዋለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው ይህን ይሠራል ብሎ የሚያምን የለም። እኔም አላስረዳም።

ልጅቷ የፈለገችው እኔና እናቷ ያደግንበትን ግቢ ነው። ቦታው ዛሬ የለም። የድንጋይ ካባ ኮረብታውን እንደ ዳቦ ቆርሶ ቆርሶ ጨርሶታል። ፎቶ እንኳ የለንም። እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ እትዬ፣ መርሳት ጀምራለች፤ ምድጃ ሳታጠፋ ገበያ ወጥታ ጎረቤት ነው የደረሰላት። ሐኪሙ የምታውቀውን ቦታ እያሳያችሁ አጫውቷት ብሏል። ልጅቷ ሁለት ልብ ሆናለች፤ እናቷን ብቻዋን ትተዋት ወይስ ጠቅልላ እሷ ወደምትኖርበት ሩቅ ከተማ ትውሰዳት። እትዬ ደግሞ ከዚህ ቤት የሚወጣው ሬሳዬ ነው ብላለች። ቤቷ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ጡረታ ከወጣች ጀምሮ እዚያ ነች።

«ግቢውን ካስታወሰች እዚሁ ቤቷ ትኑር እላለሁ፤ የእኔም ልብ ያርፋል፣ አጎቴ» አለችኝ። «እርስዎ ካልሠሩት ማንም አያውቀውም።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ለእትዬ አዝኜ አይደለም። እኔን የሚያስፈልግ ነገር ተገኘ ብዬ ነው።

ስለ ጉድጓዱ ልናገር። ልጆች ሳለን ግቢያችን ውሃ አልነበረውም። እኔ ከቤቱ ጀርባ፣ አናቴ ከመሬት በታች እስኪሰወር ቆፈርኩ። ጠብታ አልወጣም። እትዬ ግን አካፋ ሳትነካ፣ ከሾላው ሥር ያለው ሣር በበጋም አይደርቅም ብላ ለአባታችን ነገረችው። ተቆፈረ፤ ውሃው ፈለቀ። ይህች ልጅ ጭንቅላት አላት ተባለና ከተማ ትምህርት ቤት ተላከች። እኔ እሷ ካገኘችው ጉድጓድ ውሃ ልቀዳ ቀረሁ። ስሜም «ደረቁ ጉድጓድ» ሆነ። ሰፈሩ ሲጠራኝ ቻልኩት። አንድ ጊዜ ግን እትዬ ለዕረፍት መጥታ፣ ጫማ ባደረጉ ጓደኞቿ ፊት፣ «ደረቁ ጉድጓድ፣ እስኪ ውሃ አምጣልን» አለችኝ። አመጣሁላቸው። ውሃው ወረደላቸው፤ ቃሉ ግን ከእኔ ጉሮሮ እስከ ዛሬ አልወረደም።

ግቢውን ስሠራ እጄ ያለ እኔ ይሄድ ነበር። እናታችን ልብስ የምታሰጣበት ጠፍጣፋ አለት፣ ወደ መንገዱ የሚወርደው ጠማማ መተላለፊያ፣ ዝናብ የሚሸረሽረው የአጥሩ ጥግ፣ ሁሉም መጣ። ሾላው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሄድኩና ከቤቱ ጀርባ የእኔን ጉድጓድ ቆፈርኩ። ውሃ ሞላሁበት። ዙሪያውን በድንጋይ ከበብኩት፣ ሰማዩ ውስጡ እንዲታይ አድርጌ አሳመርኩት። ከሾላው ሥር ሣር ብቻ ዘራሁ። ጌም ነው፣ ማንን ይጎዳል አልኩ። ብቻዬን ተቀምጬ እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ከታች የልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ይንጣጣል። እትዬ የቤቷን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ እንዳይጠፋባት ነው። ማውዙን እንደ ጠመኔ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ልጅቷ አስተካከለችላት። ስክሪኑ ላይ ግቢው ሲመጣ እትዬ ወንበሯን ሳበች።

አለቱን ለየችው። «እናታችን እዚህ ላይ አንሶላ አስጥታ ፍየል በላባት» ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳላስበው አብሬ ሳቅሁ። መተላለፊያውን ራሷ ወረደች፣ ራሷ ወጣች። አጥሩ ጥግ ስትደርስ «ይኸው፣ ይህን አባታችን ስንት ጊዜ ጠገነው» አለች። የልጅቷ ፊት እየበራ ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ እስከዚያ ድረስ አንድም አልሳተችም።

ከዚያ ሾላው ሥር ሄዳ ቆመች። ዛፉን ዞረችው። ዕቃ እንደጠፋበት ሰው መልሳ ዞረችው።

«ጉድጓዱ እዚህ ነበር» አለች።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ በዓይኗ ጠየቀችኝ። መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። አፌ ግን፣ «ከቤቱ ጀርባ እኮ ነው፣ እትዬ» አለ።

ሄደች። ውሃውን አገኘችው። አጠገቡ ቆማ ቀረች።

«እንግዲያ ሾላው ሥር ምን ነበር?»

«ሣር» አልኩ።

እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ይህች ሴት ተከራክራ ያልረታችው ሰው የለም። ትቆጣለች፣ ውሃውን ያገኘሁት እኔ ነኝ ትላለች፣ ያን ጊዜ የሆዴን ሁሉ እዘረግፋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። እሷ ግን እጇን ከማውዙ አንስታ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«አንተ ካልክ ነው» አለች። «አለቷን እንኳ ያልረሳ ሰው ጉድጓድ አይረሳም። የሄደው የእኔ ጭንቅላት ነው።»

ክሩን ከአንገቷ አወጣች። ቁልፉን ልጇ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማንም አልጠየቃትም። «በቃ፣ ከአንቺ ጋር እመጣለሁ» አለቻት።

ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ፈጣሪ ይስጥልኝ አጎቴ፣ እርስዎ ባይኖሩ መወሰን አልችልም ነበር አለችኝ። ከዚያ ቤት ስመረቅ የመጀመሪያዬ ነው። ስወርድ ልብስ ሰፊው ሰላም አለኝ፤ የመለስኩለት አይመስለኝም።

ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የእኔን ጉድጓድ ደፈንኩ፣ ሾላው ሥር የእሷን ቆፈርኩ። ጊዜ አልፈጀም። ቀላል በመሆኑ ነው የባሰ ያፈርኩት፤ አንዲት ሴት ከቤቷ ልትወጣ የቆረጠችው በዚህ ነው። ያስተካከልኩትን ግቢ ብቻ ልኬ ዝም ልል ነበር። ግን ማን ያምነኛል? አጎት አዝኖላት ለወጠው ነው የሚባለው።

በማግስቱ ስሄድ ካርቶኑ ተደርድሯል። እትዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ የሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ፣ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ቆሜ ተናገርኩ። ጉድጓዱ ሾላው ሥር ነው፣ የደፈንኩት እኔ ነኝ አልኩ። ልጅቷ አላመነችም፤ ለማጽናናት ብለው ከሆነ ይቅርብን አለችኝ። ስለዚህ ምክንያቱን መናገር ግድ ሆነብኝ። ደረቁ ጉድጓድ፣ ጓደኞቿ፣ ያመጣሁት ውሃ። ዕድሜዬን ሙሉ ተራራ አድርጌ የተሸከምኩት ነገር፣ በካርቶን መሀል ቆሜ ሳወራው እፍኝ አልሞላም።

«ለዚህ ነው?» አለች ልጅቷ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። «እንደዚያ ብዬህ ነበር?»

«ብለሽኛል።»

ግንባሯን ቋጥራ ፈለገችው። ማስመሰል አልነበረም፤ አውቃታለሁ። «አላስታውሰውም» አለች። ቀጥላም፣ ምንም ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ይኼኛውስ እውነት ነው፣ ወይስ ይህንንም ሠርተኸው ነው?» አለችኝ።

እውነት ነው አልኳት። የሚመሰክርልኝ ሰው በሕይወት የለም፤ ቦታውም የለም።

ካርቶኖቹ ተፈቱ። ልጅቷ ቁልፉን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችላት፤ ምድጃውን ራሱ በሚጠፋ አስለወጠች፤ ለእኔ ቻው ሳትል ወደ ከተማዋ ተመለሰች። እትዬ ቤቷ ናት። በወሬ ደረጃ ነገሩ በሰላም አለቀ።

አሁን ግን በየጠዋቱ ትደውልልኛለች። ድሮ ይህችን ስልክ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት፤ አንድ ቀን አንተስ ምን ትላለህ ተብዬ እጠየቃለሁ ብዬ። አሁን የማልጠየቀው የለም። «ጨው የማስቀምጠው ግራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው አይደል?» ትለኛለች፤ እኔ ቁም ሣጥኗን ከፍቼ አላውቅም። አንቺ ነሽ የምታውቂው እላታለሁ። መልሳ ትጠይቀኛለች።

ዛሬ ጠዋት የጠየቀችኝ ያደግንበት ቤት በር ወደ የት ይከፈት እንደነበር ነው።

«ወደ ፀሐይ መውጫ» አልኳት።

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው፣ እትዬ።»

በስልኩ ውስጥ የልብስ ሰፊው መኪና ይሰማኛል። ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና ጀመረ።

«እሺ» አለች። «አንተ ካልክ ነው።»