ጠዋት ጠዋት የሚጠቁር መስታወት

እኔ ተናዳጅ ነኝ፤ አልደብቅም። ቦንጋ ላይ ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ በረንዳው ላይ ሲተኛ፣ የሰው ሁሉ ልብ ሲለሰልስ፣ እኔ ጨርቅ ይዤ ከምድጃ መስታወት ጋር እጣላለሁ።

ምድጃው የብረት ነው። ሳሎን ጥግ ቆሞ እንጨት ይበላል፤ ጭሱ በቧንቧ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ እሳቱ የሚታይበት መስታወት አለው። በበያጅ ያሠራሁት ለአባዬ ብዬ ነው። እናቴ አስካለማርያም ካረፈች ወዲህ ገጠር፣ መንደራችን ደካ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ልጃቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ብርድ እየጠበሳቸው እኔ እዚህ እንቅልፍ ከየት ይምጣልኝ? ለምኜ ለምኜ አመጣኋቸው። መልሳቸው "እስቲ እንየው" ነበር። እንየው ማለት እኖራለሁ ማለት አይደለም፤ አባቴን አውቃቸዋለሁ።

ምሽት ላይ ከመስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። የእሳቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይጫወታል፤ ዓይናቸው ግን እዚህ ቤት የለም። በካፊኖኖ ቋንቋችን ቀስ ብለው ያወራሉ። አንድ ምሽት "ከማን ጋር ነው አባዬ?" ብላቸው፣ "ከእናትሽ ጋር፤ ደካ፣ የንብ ቀፏችን ሥር ቆማለች" አሉኝ። እውነቴን ነው፣ እኔም ነበልባሉ ውስጥ አንዲት ሴት ጎንበስ ቀና ስትል ያየሁ መሰለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ እኔም በተቀመጥኩበት ልቤ ወደ ደካ ይሄዳል። ኑሮ እንዲህ ቢቀጥል ምን ነበረበት።

ጠዋት ስነሳ ግን መስታወቱ ድፍን ጥቁር ነው። እርጥብ ጋዜጣ አመድ አስነክቼ እፈትገዋለሁ፤ ይነጻል፤ በነጋታው ያው ጥላሸት። በሆዴ "እሳቱን ካላዩት ይሄዱብኛል" እያልኩ እጨነቃለሁ፤ በአፌ ግን "ሰለቸኝ፣ ደከመኝ፣ ምን ዓይነት ፍዳ ነው" እያልኩ ቤቱን አናውጠዋለሁ። እንጨት የሚያመጣልኝን ደምመላሽንም ጠርቼ "በእርጥብ እንጨትህ ቤቴን አጨለምከው" ብዬ የስድብ ናዳ አወረድኩበት። እሱ ሁለት ፍልጥ አጋጭቶ "እትዬ አሰለፈች፣ ድምፁን ይስሙት፣ ደረቅ ነው። ካላመኑኝ እንግዲህ ዝናቡን ይክሰሱ" ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባዬ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ዘንቢል ውስጥ ሲከቱ አየኋቸው። ለነገ የደካ መኪና ጠይቀዋል። የፈራሁት ደረሰ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ብቻዬን አለቀስኩ።

ከራት በኋላ ሰሃን አጥቤ ስመለስ፣ አባዬ ምድጃው ፊት ተንበርክከዋል። ፍሙን አመድ አልብሰው፣ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን የአየር መግቢያ በጣታቸው እየገፉ ይዘጋሉ።

"ምን እያደረጉ ነው አባዬ?"

"እሳት እየዳፈንኩ ነዋ። እሳት ሳይዳፈን ይታደራል?"

እውነት ነው፤ በደካ ቤት ፍም አመድ ለብሶ ያድርና ጠዋት ይገለጣል። እዚህ ብረት ውስጥ ግን አየር ያጣ እሳት ሌሊቱን ሙሉ እየጨሰ መስታወቱን ይቀባዋል። ለካ ምስኪኑን ደምመላሽን በከንቱ ነው የሰደብኩት።

"ይተዉት ይጥፋ፣ አባዬ። ጠዋት በክብሪት እናነደዋለን፤ መስታወቱም አይጠቁርም።"

"ይሄ የክብሪት እሳት አይደለም" አሉ። "መጀመሪያ ቀን አንቺ ቢሮ ሳለሽ ያያያዝኩት ከደካ በድስት ይዤው በመጣሁት ፍም ነው። መንገዱን ሁሉ ጭኔ ላይ አድርጌ። እናትሽ ቤቴ ከገባች ጀምሮ አንድ ቀን አላጠፋችውም። እኔ ላጥፋው?"

"ታዲያ ለምን ይሄዳሉ?" አልኳቸው።

"ጠዋት ጠዋት ስትፈትጊ እሰማሻለሁ" አሉ፣ ዓይናቸውን ፍሙ ላይ ተክለው። "ደከመኝ፣ ሰለቸኝ ትያለሽ። ሸክም ሆንኩብሽ። ፍሙን ይዤልሽ ልሂድና አንቺም እረፊ ብዬ ነው።"

ከእሳት አመድ ይወለዳል የሚሉት እኔን ነው። እንዳይሄዱ ብዬ የፈተግኩትን፣ እሳቸው ሂዱልኝ እያልኩ መስሏቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ሲሰሙ ከርመዋል።

ከጎናቸው ተንበረከክሁ። ከአየር መግቢያዋ የቀረችውን ክፍተት እኔው በእጄ ገፍቼ ዘጋኋት። መስታወቱ ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨልም ጀመር፤ ሁለታችንም አየነው።

አባዬ እጄን አዩ፤ ፊቴንም አዩ።

"ጋቢዬን ከዘንቢሉ አውጪልኝ" አሉኝ። "በረደኝ።"