የደረጃው አናጢ

«ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። ሰው ፈልጊ፣» አላት አናጢው።

ፎርማኗ የአሸዋ መኪናውን በእጇ ምልክት ወደ ኋላ እያስገባች ነበር። እጇ አየር ላይ ቀረ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት ጡሩንባውን ነፋ።

«ምን አሉኝ፣ ጋሼ?»

«ሰምተሽኛል፣ ልጄ።» መዶሻውን ቀበቶው ላይ ሰክቶ ሄደ።

ከፍታ ላይ እንደ ልቡ ስለሚሄድ ሠራተኛው ሁሉ ሸረሪት ይለዋል። የኮንክሪት ደረጃ የሚፈስበትን የጣውላ ቅርጽ የሚገጥመው እሱ ነው። ጣውላው ሲነሳ ደረጃው እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆኖ ይወጣል፤ ለሳኞቹ እሱ የሠራበት ፎቅ እንዲደርሳቸው ይጣላሉ። ወጣት አናጢዎችም ሌላ ሳይት ጥለው የሚመጡት ከእሱ ጋር ለመሥራት ነው። እሱ ከሄደ እነሱም አይቆዩም። የሕንፃው ደረጃ ደግሞ ገና እኩሌታው ላይ ነው።

ለተቋራጩ ደወለች።

«ጨምሪለታ! ይሄ ምን ያስጨንቃል?» አላት።

«ስለ ገንዘብ አላነሱም እኮ።»

«ማንም መጀመሪያ አያነሳም። ጨምሪለትና ገላግይኝ።»

አናጢው ጭማሪውን ሲሰማ ፈገግ አለ። «የምሄድበት ቦታ እንዲያውም ከዚህ ያነሰ ነው የሚከፍለኝ።»

«ምን ሊሠሩ ነው ታዲያ?»

«መኖሪያ ቤት። ፎቅ የሌለው።» ፊቱን አዞረ።

ያነሰ ደሞዝ ፍለጋ ሥራ የሚለቅ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። ሳላውቅ አስቀይሜያቸው ይሆን እያለች ስታብሰለስል አረፈደች። ለምሳ ሁሉም ነፋስ ፍለጋ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጡ እሱ ብቻውን የጣውላ ክምር ሥር ተቀመጠ። ከምሳ በኋላ ወደ ሥራው ሲመለስ ዙሪያውን የምትቃኝ መስላ ተከተለችው።

ግድግዳ እስካለበት ድረስ ትከሻውን እያስጠጋ ወጣ። ግድግዳው አልቆ ጎኑ ክፍት የሆነው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ያደረገው የላስቲክ ቦት ነው፤ ክር የለውም።

አጠገቡ ተቀመጠች። ባለፈው ወር መረማመጃ ጣውላ ከሥሩ ተሰብሮ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ነበር የተረፈው። ሲወርድ ራሱ ቀልዶበት ሁሉም ስቆ ነበር። እሷም ስቃ ነበር።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ነው?»

ሰው እንዳለ ዙሪያውን አየ። «ድምፅሽን ቀንሺ፣» አላት። «ሚስቴም አታውቅም። አምፖል ልቀይር ወንበር ላይ ስወጣ እንኳ ግድግዳ ካልያዝኩ አልቆምም። ሸረሪት እያሉ የሚጠሩኝ ልጆች ፊት በአራት እግሬ ልዳህ?»

«ሸረሪትማ በስምንት ነው የሚሄደው።»

ሳይወድ ሳቀ፤ እጁ ግን ግድግዳውን አልለቀቀም።

«እስኪ እስከ ነገ ይታገሱኝ፣» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የደረጃውን ክፍት ጠርዞች በሙሉ በጣውላ አስከለለች። ከዚያ አናጢዎቹን ሰበሰበች።

«ከዛሬ ጀምሮ የደረጃው ቅርጽ እታች ይገጠምና በክሬን ይወጣል፤ ወጣቶቹ ላይ ሆናችሁ ታስሩታላችሁ።»

«ሸረሪት ድሩን መሬት ላይ ሊያደራ ነው?» አለ አንድ ግንበኛ ከላይ ሆኖ። ሳቁ ግቢውን ሞላው። አናጢው አንገቱን ደፋ።

«አንተ ግድግዳህን ሳታጣምም ገንባ!» አለችው። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ላይ ተሸጉጠው ሲሠሩ እጃቸውን ማን አየ? እታች የምፈልጋቸው እነዚህ ልጆች አይተው እንዲማሩ ነው።»

«የላዩ ልክስ?» አለ ከወጣቶቹ አንዱ። «እሱን እንኳ ጋሼ ለሰው አምነው አይሰጡም። ሁሌ ራሳቸው ወጥተው ነው የሚለኩት።»

ሁሉም ወደ አናጢው ዞሩ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሜትር ጨበጠና አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው ተራመደ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ፎርማኗ መንገዱ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ሜትሩን ይስጡኝ፣ ጋሼ። አሠራሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ልክ የምወስደውም እኔ ነኝ። ከተሳሳትኩ እዚሁ በሰው ፊት ይስደቡኝ።»

«እሰድብሻለሁ፣ አልምርሽም፣» አለ አናጢው። ሜትሩን ግን ሰጣት።

የደህንነት ቀበቶዋን አስራ ወጣች። ከላይ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ቁጥር ጮክ ብላ ጠራች። አናጢው ለአፍታ እንደ ቆመ ቀረ። ከዚያ ወጣቱ ጣውላውን እንዲይዝለት ጠቆመውና እርሳሱን አሳረፈ።

«ያዝኩት!» ብሎ ጮኸ ወደ ላይ። «የላይኛውንም ለኪና ውረጂ! በሚቀጥለው ሳምንት እሱን ነው የምንገጥመው!»